ሮበርት ብሩስ፤ የውርስ ማዕረግና የነጻነት ዋጋ

የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ስንመረምር ሁለት ዓይነት ሰዎችን እናገኛለን። አንዳንዶቹ ከድኻ ቤት ተወልደው በገዛ ጥረታቸው ከፍ ያሉ ናቸው፤ ሌሎቹ ደግሞ ገና ሲወለዱ ስምና ርስት፣ ማዕረግና ክብር ተዘጋጅቶ የጠበቃቸው ናቸው። ለተማሪ ምሳሌ ሆነው ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት ፊተኞቹ ናቸው። ዳሩ ግን ከሁለተኞቹ መካከል የወረሰውን ሁሉ ለአደጋ አሳልፎ የሰጠ ሰው ቢገኝ የእርሱም ታሪክ ሊነበብ ይገባዋል። እኛም በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መታሰቢያ መጽሐፍ ላይ እንዲህ ያለውን ሰው፣ የስኮትላንድን ንጉሥ ሮበርት ብሩስን፣ ከነቤተ ሰቡ ታሪክ ለአንባብያን ለማቅረብ አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ስኮትላንድ የብሪታንያ ደሴት ሰሜናዊ ክፍል ናት። በደቡብ ከእንግሊዝ ጋር ትዋሰናለች፤ ምድርዋ ተራራማ ሲሆን በምዕራብ በኩል ባሕርዋ በብዙ ደሴቶች የተሞላ ነው። ዛሬ ከእንግሊዝ ጋር በአንድ መንግሥት ሥር ብትሆንም በመካከለኛው ዘመን የራስዋ ንጉሥ ያላት አገር ነበረች። በዚያ ዘመን ንጉሡ ለባላባቱ ምድር ይሰጠዋል፤ ባላባቱም በምትኩ ታማኝነቱን በመሐላ ያረጋግጣል፣ ጦርነት በተነሣ ጊዜም ወታደሩን ይዞ ይዘምታል። ምድሩና ማዕረጉ ከአባት ወደ በኵር ልጅ ይተላለፋል። ወንድ ልጅ በሌለ ጊዜ ለሴት ልጅ ይደርሳል፤ ባልዋም በእርስዋ መብት ማዕረጉን ይይዛል። ከማዕረጎቹ ሁሉ ከፍተኛው ኧርል የሚባለው ነው፤ ይህም ሰፊ አውራጃ የሚገዛ መስፍን ማለት ነው። ከእርሱ ዝቅ የሚለው ሎርድ ወይም ጌታ ይባላል።

የብሩስ ቤተ ሰብ መሠረቱ ስኮትላንድ አልነበረም። ስሙን ያገኘው በፈረንሳይ አገር በኖርማንዲ ውስጥ ካለች ብሪክስ ከምትባል ስፍራ ነው። ኖርማኖች በ1066 ዓ.ም. እንግሊዝን ድል አድርገው ከያዙ በኋላ ቤተ ሰቡ በሰሜን እንግሊዝ በዮርክሺር ርስት አገኘ። ከዚያም በ1124 ዓ.ም. የስኮትላንድ ንጉሥ ቀዳማዊ ዴቪድ ሮበርት ደ ብሩስ ለሚባለው ወዳጁ በድንበር አጠገብ ያለውን የአናንዴልን ሸለቆ ሰጠው። የብሩስ ቤት በስኮትላንድ ጌትነት የጀመረው በዚህ ስጦታ ነው።

ሆኖም በሁለት አገር ርስት ያለው ሰው ሁለት ጌታ ይኖረዋል። ሁለቱ ነገሥታት በሰላም ሲኖሩ ይህ ምንም አያስቸግርም፤ በተጣሉ ጊዜ ግን ባላባቱ ከየትኛው ወገን እንደሚቆም ይጨንቀዋል። በ1138 ዓ.ም. ንጉሥ ዴቪድ እንግሊዝን በወረረ ጊዜ ይኸው የመጀመሪያው የአናንዴል ጌታ ለንጉሡ የገባውን መሐላ መልሶ ከእንግሊዞች ጋር ተሰለፈ፤ ልጁ ግን ከስኮትላንድ ወገን ሆኖ አናንዴልን ያዘ። አባትና ልጅ በአንድ የጦር ሜዳ ፊትና ፊት ቆሙ ማለት ነው። ይህ የሁለት ጌታ ጣጣ እንደ ርስቱ ሁሉ ከልጅ ወደ ልጅ እየተላለፈ ቈይቶ፣ ከመቶ ስልሳ ዓመት በኋላ በምንተርክለት ሰው ላይ ወደቀ።

ቤተ ሰቡ ወደ ዙፋን የቀረበው በጋብቻ ነው። አራተኛው የአናንዴል ጌታ የሀንቲንግደን ኧርል የነበረውን የዴቪድን ሁለተኛ ልጅ ኢሳቤላን አገባ፤ ይህ ዴቪድ የንጉሥ ዊልያም ወንድም ነበር። ከዚህ ጋብቻ በኋላ በብሩሶች ሥር የንጉሥ ደም ገባ። ሁለተኛውም ማዕረግ እንዲሁ በሴት በኩል መጣ። ማርጀሪ የምትባል የካሪክ አውራጃ ወራሽ ነበረች። እንደሚተረከው ከሆነ ይህች ሴት የባልዋን መሞት ሊነግራት የመጣውን ወጣቱን የብሩስ ልጅ ባየችው ጊዜ ወደደችውና እስኪያገባት ድረስ በተርንቤሪ ግንብዋ ውስጥ አስቀረችው። የተረቱ እውነተኛነት ቢያጠራጥርም ጋብቻው እውነት ነው፤ የአናንዴል ጌታ ልጅ በሚስቱ መብት የካሪክ ኧርል ሆነ። ከእነዚህም ወላጆች ሐምሌ 11 ቀን 1274 ዓ.ም. የወደፊቱ ንጉሥ ሮበርት ተወለደ።

ልጁ ሮበርት አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላው በ1286 ዓ.ም. የስኮትላንድ ንጉሥ ሣልሳዊ እስክንድር በማታ ሲጓዝ ከነፈረሱ ወድቆ ሞተ። ልጆቹ ሁሉ ቀድመውት ሞተው ስለ ነበር ወራሹ በኖርዌይ ያለች የልጁ ልጅ፣ ማርግሬት የምትባል ሕፃን ብቻ ነበረች። እርስዋም በ1290 ዓ.ም. ወደ ስኮትላንድ ስትመጣ በመንገድ ሞተች። ከዚያ በኋላ አሥራ ሦስት ያህል ሰዎች ዙፋኑ ይገባናል ብለው ተነሡ። የስኮትላንድ መኳንንትም እርስ በርስ እንዳይዋጉ ፈርተው የእንግሊዝን ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድን ዳኛ አድርገው ጠሩት። ኤድዋርድም ከመፍረዱ በፊት የስኮትላንድ የበላይ ጌታ መሆኑን እንዲያምኑለት አስገደዳቸው።

ክርክሩ በመጨረሻ በሁለት ሰዎች መካከል ቀረ። አንዱ ጆን ባሊዮል፣ ሁለተኛው የሮበርት አያት ነበሩ። ባሊዮል የታላቂቱ ልጅ የልጅ ልጅ ነው፤ ሽማግሌው ብሩስ ደግሞ የታናሺቱ ልጅ የገዛ ልጅዋ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ታላቅነት ይብለጥ ወይስ በትውልድ መቅረብ ይብለጥ የሚል ሆነ። ከብዙ ወራት ሙግት በኋላ ኅዳር 17 ቀን 1292 ዓ.ም. ኤድዋርድ ለባሊዮል ፈረደለት። ሽማግሌው ብሩስም የተፈረደበትን መብት ለልጁ አወረሰ፤ ልጁም በዚያው ወር የካሪክን ኧርልነት ለአሥራ ስምንት ዓመቱ ለሮበርት ለቀቀለት። ወጣቱ ሮበርት በአንድ ጊዜ አንድ ማዕረግና አንድ ያልተዘጋ ክርክር ወረሰ።

ከዚህ በኋላ ያሉትን ዓመታት ስንጽፍ ጀግናችንን ከነቀፌታ ልናወጣው አንችልም። በ1296 ዓ.ም. ኤድዋርድ ባሊዮልን ከዙፋን አውርዶ ስኮትላንድን በያዘ ጊዜ ብሩሶች ከእንግሊዝ ንጉሥ ወገን ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት ሮበርት ከአመፀኞቹ ጋር ተባበረ፤ ግን ብዙም ሳይቈይ ለመገዛት ተስማማ። ዊልያም ዋላስ በ1297 ዓ.ም. በስተርሊንግ ድልድይ ድል አድርጎ በ1298 ዓ.ም. በፎልከርክ ድል ከሆነ በኋላ ሮበርት ከጆን ኮሚን ጋር የአገሪቱ ጠባቂ ሆኖ ተሾመ። በ1302 ዓ.ም. ግን እንደ ገና ለኤድዋርድ ገባ፤ በዚያውም ዓመት የአልስተርን ኧርል ልጅ ኤልሳቤጥን አገባ። ርስት የሌለው ዋላስ እስከ መጨረሻው ሳይወላውል ሄዶ በ1305 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ በአሠቃቂ ሞት ተገደለ። ርስት የበዛለት ብሩስ ግን ርስቱን ላለማጣት ከወዲያ ወዲህ ይል ነበር። ማዕረግ ሰውን እንደሚያከብር ሁሉ እንደሚያስርም ከዚህ እንረዳለን።

አባቱ በ1304 ዓ.ም. ሲሞት ሮበርት የአናንዴል ጌታ፣ የካሪክ ኧርል፣ የዙፋንም ተከራካሪ ሆነ። ከእርሱ ጋር የሚወዳደረው ጆን ኮሚን ደግሞ የባሊዮል የእኅት ልጅ ነበር። የካቲት 10 ቀን 1306 ዓ.ም. ሁለቱ በደምፍሪስ ከተማ በፍራንሲስካውያን መነኮሳት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሊነጋገሩ ተገናኙ። በመካከላቸው ምን እንደ ተባለ ታሪክ ጸሐፊዎች አይስማሙም፤ ነገሩ ግን በጠብ አለቀና ብሩስ ኮሚንን በመሠዊያው አጠገብ በጩቤ ወጋው፤ ተከታዮቹም ጨረሱት። በቤተ መቅደስ ደም ማፍሰስ በዚያ ዘመን ከወንጀል ሁሉ የከፋ ነበር። ጳጳሱም ከቤተ ክርስቲያን አንድነት ለይተው አወገዙት። ይህን ሥራ ማንም ሊያመሰግነው አይገባም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ለብሩስ ወደ ኋላ የሚመለስበት መንገድ አልቀረለትም፤ ወይ መንገሥ ወይ መሞት ነበረበት።

መጋቢት 25 ቀን 1306 ዓ.ም. ስኩን በተባለው ጥንታዊ ስፍራ ነገሠ። ነገሥታቱ ይቀመጡበት የነበረውን የንግሥ ድንጋይ ኤድዋርድ በ1296 ዓ.ም. ወደ ለንደን ወስዶት ነበር፤ ይህ ድንጋይ ወደ ስኮትላንድ የተመለሰው ከ700 ዓመት በኋላ በ1996 ዓ.ም. ነው። ደግሞም በአገሪቱ ልማድ ንጉሡን በመንበሩ የማስቀመጥ መብት የፋይፍ ኧርሎች የውርስ መብት ነበር። የዚያን ጊዜው የፋይፍ ኧርል ግን ገና ልጅ ሆኖ በእንግሊዝ ንጉሥ እጅ ይኖር ነበር። በዚህ ጊዜ የፋይፍ ቤት ልጅ የሆነችው ኢሳቤላ የቤተ ሰብዋን መብት ልትፈጽም ፈረስ ጋልባ መጣች። ሥርዓቱ ካለፈ በኋላ ብትደርስም በሁለተኛው ቀን እንደ ገና ተደገመና ንጉሡን በመንበሩ ያስቀመጠችው እርስዋ ሆነች። ይህች ሴት የበከን ኧርል ሚስት ነበረች፤ ባልዋም የተገደለው የኮሚን የቅርብ ዘመድ ነበር። ስለዚህ የአባቶችዋን መብት ስትፈጽም ትዳርዋንና ሀብትዋን ሁሉ ጥላ ነው።

የከፈለችውም ዋጋ እጅግ ከባድ ሆነ። በሰኔ 19 ቀን የብሩስ ጦር በሜትቨን ተመታ። ሴቶቹ ሸሽተው ሲሄዱ ተያዙ። ኤድዋርድም ኢሳቤላን በቤሪክ ግንብ ውስጥ ከእንጨትና ከብረት በተሠራ ቀፎ እንድትታሰር አዘዘ፤ እዚያም አራት ዓመት ያህል ቈየች። የብሩስ እኅት ሜሪም በሮክስበርግ እንዲሁ ተደረገባት። ንግሥት ኤልሳቤጥና ከፊተኛዋ ሚስቱ የተወለደችው ትንሺቱ ልጁ ማርጀሪ በእንግሊዝ አገር በግዞት ተቀመጡ። ወንድሙ ኒል በዚያው ዓመት ተገደለ። በሚቀጥለው ዓመት የካቲት ወር ሌሎቹ ሁለት ወንድሞቹ ቶማስና በካምብሪጅ የተማረው እስክንድር ተይዘው በካርላይል ከተማ ተገደሉ። የውርስ ማዕረጎቹም ተወሰዱ፤ ኤድዋርድ አናንዴልን ለሄሪፎርዱ ኧርል ለሀምፍሪ ደ ቦኸን፣ ካሪክን ደግሞ ለሄንሪ ፐርሲ ሰጠ። ከመቶ ሰማንያ ዓመት በላይ የተከማቸው ርስት በጥቂት ወራት ውስጥ አለቀ።

የዚያን ዓመት ክረምት ንጉሡ በምዕራብ ደሴቶች አካባቢ ተሸሽጎ አሳለፈ። ስለዚህ ጊዜ የሚነገረውን የሸረሪት ተረት ሳያውቅ ያደገ የስኮትላንድ ልጅ የለም። ንጉሡ ተስፋ ቈርጦ በዋሻ ተጋድሞ ሳለ አንዲት ሸረሪት ድርዋን ለማሰር ደጋግማ ስትወድቅ፣ በመጨረሻም ሲሳካላት አይቶ ተበረታ ይባላል። ይህ ተረት በሰፊው የታወቀው ደራሲው ዋልተር ስኮት በ1828 ዓ.ም. ከጻፈው በኋላ ነው፤ ስለዚህ እንደ ታሪክ ልንቀበለው አንችልም። እኛ ግን ስንሰማው ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአገራችን ምሳሌ ትዝ አለን። የእንግሊዝ ነገሥታት ጋሻ ሦስት አንበሶች ያሉበት ነውና ምሳሌው ከዚህ ታሪክ ጋር በጣም ይስማማል።

በ1307 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ጥቂት ሰዎች ይዞ በእናቱ አገር በካሪክ ወረደ። ርስቱ የሌላ ሰው ሆኗል፤ የቀረው የአገሬው ሰው ፍቅርና የምድሩ ዕውቀት ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ የተዋጋው በባላባት ወግ አይደለም። በሌሊት መጓዝ፣ በጠባብ መንገድ አድፍጦ መምታት፣ ጠላት ሲበዛ መሸሽ፣ የያዘውንም ግንብ ጠላት ተመልሶ እንዳይጠቀምበት ማፍረስ ዋና ዘዴው ሆነ። በግንቦት ወር በላውደን ኮረብታ ድል አደረገ። ሐምሌ 7 ቀን ቀዳማዊ ኤድዋርድ ሊወጋው ሲመጣ ከድንበሩ አጠገብ ታሞ ሞተ፤ ዙፋኑንም ልጁ ዳግማዊ ኤድዋርድ ወረሰ። የአባቱን ዘውድ ወረሰ እንጂ የአባቱን ችሎታ አልወረሰም።

ብሩስም ጊዜውን ተጠቅሞ በመጀመሪያ የውስጥ ጠላቶቹን መታ። በ1308 ዓ.ም. የኮሚኖችን አገር በከንን እሳት ለቀቀበት፤ የዚያ ቃጠሎ መከራ በድኻው ገበሬ ላይ ስለ ወደቀ ለብዙ ዘመን ሲወራ ኖረ። ከዚያም ግንቦቹን አንድ በአንድ ያዘ። ርስቱን በእንግሊዞች የተቀማው ጄምስ ዳግላስ በ1314 ዓ.ም. ሮክስበርግን፣ የንጉሡ የእኅት ልጅ ቶማስ ራንዶልፍ ኤድንበራን ያዙ። ከታላላቆቹ ግንቦች የቀረው ስተርሊንግ ነበር። የግንቡ አዛዥ እስከ ሰኔ 24 ቀን ድረስ ከእንግሊዝ ጦር ካልደረሰለት ሊያስረክብ ተዋዋለ። ስለዚህ ዳግማዊ ኤድዋርድ ታላቅ ጦር ይዞ መጣ። የስኮትላንድ ጦር ከእርሱ በቍጥር በጣም ያንሳል፤ ፈረሰኛውም ጥቂት ነበር።

ሰኔ 23 ቀን 1314 ዓ.ም. ሁለቱ ጦሮች ባነክበርን በተባለ ወንዝ አጠገብ ተገናኙ። ንጉሡ በትንሽ ፈረስ ተቀምጦ ሰልፉን ሲያስተካክል ሄንሪ ደ ቦኸን የሚባል እንግሊዛዊ ፈረሰኛ አየውና ጦሩን ይዞ ጋለበበት። ይህ ሰው አናንዴል የተሰጠው የሄሪፎርድ ኧርል ዘመድ ነበር። ብሩስም ጦሩ ሊደርስበት ሲል ዘወር ብሎ በመጥረቢያ ራሱን ፈልጦ ጣለው። መኳንንቱ ንጉሥ ራሱን እንዲህ ለአደጋ መስጠት አይገባውም ብለው በወቀሱት ጊዜ የመጥረቢያው እጀታ በመሰበሩ ብቻ እንዳዘነ ይነገራል። በማግሥቱ ረጃጅም ጦር የያዘው የስኮትላንድ እግረኛ እንደ ጃርት ተጠጋግቶ ወደ ፊት ገፋ። የእንግሊዝ ፈረሰኞች በረግረጉና በወንዙ መካከል ተጣብበው መንቀሳቀስ አቃታቸው። ኤድዋርድ ሸሸ፤ ጦሩም ተበተነ።

ከተማረኩትም መኳንንት አንዱ ያው ሀምፍሪ ደ ቦኸን ነበር። ብሩስ ይህን ሰው በገንዘብ አልሸጠውም፤ በእርሱ ልዋጭ ሚስቱን ኤልሳቤጥን፣ ልጁን ማርጀሪን፣ እኅቱንና አንድ የታሰሩ አረጋዊ ጳጳስ አስመለሰ። ርስቱን የወሰደው ሰው ለቤተ ሰቡ ቤዛ ሆነ ማለት ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ ተገናኙ። ከብሩስ ድሎች ሁሉ ለልቡ የቀረበው ይህ ሳይሆን አይቀርም ብለን እናስባለን።

በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በካምበስኬኔት ገዳም በተደረገው ጉባኤ ላይ ለንጉሡ ያልገቡ ባላባቶች የስኮትላንድ ርስታቸው እንዲወሰድ ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው በሁለቱም መንግሥታት ባላባት ሆኖ እንደ ልቡ መኖር አልቻለም፤ አንዱን አገር መምረጥ ግድ ሆነበት። የብሩስን አባቶች ከ1138 ዓ.ም. ጀምሮ ሲያስጨንቅ የነበረውን የሁለት ጌታ ነገር ያስቈረጠው ከዚያው ቤት የተወለደው ሰው መሆኑ ያስደንቃል።

ጦርነቱ ግን አላበቃም። እንግሊዝ ንጉሥነቱን አላመነችለትም፤ ጳጳሱም ውግዘቱን አላነሡለትም። ወንድሙ ኤድዋርድ ብሩስ በአየርላንድ ንጉሥ ተብሎ ሲዋጋ በ1318 ዓ.ም. ሞተ፤ እንግዲህ ከአምስቱ ወንድማማች ሮበርት ብቻውን ቀረ። በ1320 ዓ.ም. ሚያዝያ 6 ቀን የስኮትላንድ ኧርሎችና ባላባቶች ማኅተማቸውን አኑረው ለጳጳሱ ለዮሐንስ 22ኛ ደብዳቤ ላኩ። ይህም የአርብሮዝ መግለጫ ተብሎ የሚጠራው ነው። በደብዳቤው ውስጥ ሮበርት የነገሠው በትውልድ መብቱ፣ በሕዝቡም ፈቃድ መሆኑን ገለጡ። ነገር ግን ይህ ንጉሥ ያን ሁሉ ትቶ አገሩን ለእንግሊዝ ቢያስገዛ እርሱን አባረው መከላከል የሚችል ሌላ ንጉሥ እንደሚያነግሡ ጨመሩበት። የውርስ ማዕረግ የያዙ ሰዎች የትልቁን የውርስ ማዕረግ ወሰን እንዲህ ግልጥ አድርገው መጻፋቸው ትልቅ ነገር ነው። ዙፋን እንኳ ቢሆን የተሠራበትን ሥራ ካልፈጸመ ለባለቤቱ እንደማይጸናለት ተናገሩ።

በመጨረሻ በ1328 ዓ.ም. በኤድንበራ የሰላም ውል ተፈረመ፤ የእንግሊዝም ንጉሥ በኖርታምፕተን አጸደቀው። በዚህ ውል ስኮትላንድ ነጻ መንግሥት፣ ሮበርትም ሕጋዊ ንጉሥዋ መሆኑ ታወቀ። ስኮትላንድም 20,000 ፓውንድ ለመክፈል ተስማማች። የአራት ዓመቱ ልጁ ዴቪድም የእንግሊዙን ንጉሥ እኅት አገባ። ንጉሡ ግን ሰላሙን ብዙ አልቀመሰውም። ሲታመም ቈይቶ ሰኔ 7 ቀን 1329 ዓ.ም. በካርድሮስ በሃምሳ አራት ዓመቱ ዐረፈ። የስኮትላንድ ነገሥታት በቅብዐ ቅዱስ እንዲቀቡ የሚፈቅደው የጳጳሱ ደብዳቤ የተጻፈው እርሱ ከሞተ ከስድስት ቀን በኋላ ነው። የደከመበትን ክብር ያገኘው ልጁ ሆነ።

ሥጋው በደንፈርምሊን ገዳም ተቀበረ። ልቡ ግን ወደ ቅድስት አገር እንዲወሰድለት ተናዝዞ ነበርና ጄምስ ዳግላስ በብር ሣጥን አድርጎ በአንገቱ አንጠልጥሎ ተነሣ። ዳግላስ እስፓኝ ሲደርስ በ1330 ዓ.ም. ቴባ በተባለው ስፍራ በጦርነት ሞተ፤ ልቡም ተመልሶ በሜልሮዝ ገዳም ተቀበረ። በ1818 ዓ.ም. በደንፈርምሊን የንጉሡ ነው የተባለ መቃብር ተገኘ። በሜልሮዝም ልቡን የያዘ ነው ተብሎ የሚታመነው ዕቃ በ1996 ዓ.ም. ተቈፍሮ ከወጣ በኋላ በ1998 ዓ.ም. በክብር ተመልሶ ተቀብሯል።

አሁን ደግሞ ማዕረጎቹ ወዴት እንደ ሄዱ እንመልከት። ልጁ ዳግማዊ ዴቪድ ያለ ልጅ በ1371 ዓ.ም. ሞተ። ስለዚህ የብሩስ ቤት በወንድ በኩል በዙፋን የቈየው በአባትና በልጅ ብቻ ነው። ያች በግዞት ያደገችው ማርጀሪ ግን በ1315 ዓ.ም. ዋልተር የሚባለውን የስኮትላንድ እስቲዋርድ አግብታ ነበር። እስቲዋርድ ማለት የንጉሡ ቤት መጋቢ ማለት ሲሆን፣ ሥራው ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሮ በኋላ የቤተ ሰቡ ስም ሆነ። የማርጀሪና የዋልተር ልጅ በ1371 ዓ.ም. ዳግማዊ ሮበርት ተብሎ ነገሠ። ስቲዋርት የሚባለው ሥርወ መንግሥት የእርሱ ነው። በ1603 ዓ.ም. ከዚህ ዘር የሆነው የስኮትላንድ ንጉሥ ጄምስ የእንግሊዝንም ዙፋን ወረሰ፤ ስኮትላንድን ሊውጥ የመጣው ዙፋን ለብሩስ የልጅ ልጆች ደረሰ። የካሪክ ኧርል የሚለውም ማዕረግ ዛሬ የብሪታንያ ዙፋን ወራሽ በስኮትላንድ ከሚይዛቸው ማዕረጎች አንዱ ነው።

የብሩስ ስም ግን በሌላ ቅርንጫፍ ተጠበቀ። ንጉሥ ዴቪድ በ1359 ዓ.ም. ዘመዴ ብሎ ለጠራው ለሌላ ሮበርት ብሩስ የክላክማናንን ምድር ሰጠ። ከዚህ ቤት የወጡት በ1633 ዓ.ም. የኤልጊን፣ በ1647 ዓ.ም. ደግሞ የኪንካርዲን ኧርልነት ተሰጣቸው፤ ሁለቱ ማዕረጎች ከ1747 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ ሰው እጅ ናቸው። ሰባተኛው የኤልጊን ኧርል ከአቴና የፓርቴኖንን የእብነ በረድ ቅርጾች ወደ እንግሊዝ በማስወሰዱ እስከ ዛሬ ክርክር አለበት። ስምንተኛውና ዘጠነኛው በየተራቸው በህንድ አገር የእንግሊዝ እንደራሴ ነበሩ።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይበልጥ የሚቀርበን ግን የኪናርዱ ጄምስ ብሩስ ነው። በ1770 ዓ.ም. በዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት ዘመነ መንግሥት ጎንደር ገብቶ በዚያው ዓመት ጊሽ ዓባይን ያየው፣ ከግእዝ መጻሕፍትም መካከል መጽሐፈ ሄኖክን ወደ አውሮፓ የወሰደው ይህ ሰው ነው። ከነገሥታት ዘር በመሆኑ እጅግ ይመካ ነበር። የሚገርመው ግን በአባቱ በኩል ትውልዱ ሄይ ከሚባል ቤት መሆኑ ነው። አያቱ ዴቪድ ሄይ የኪናርድን ወራሽ ሄለን ብሩስን አገባ፤ ከዚያ ወዲህ ልጆቻቸው በእናታቸው ስም ብሩስ ተባሉ። በ1790 ዓ.ም. ባለ አምስት ክፍል የጉዞ መጽሐፉን ባሳተመ ጊዜ ብዙ ሰዎች አላመኑትም፤ የኋላ መንገደኞች ግን ብዙውን ነገር እውነት ሆኖ አገኙት። የዘሩ ኵራት በኪናርድ ቀረ፤ በድካሙ የተገኘው መጽሐፍ ግን እስከ ዛሬ ይነበባል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? ሮበርት ብሩስ ንጉሥነቱን ያገኘው ከአያቱ በወረሰው መብት ነው ቢባል ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ያ መብት በአያቱና በአባቱ እጅ ሳለ ወረቀት ብቻ ነበር። ሕያው የሆነው ባለቤቱ የቀረውን ውርስ ሁሉ ለማጣት በቈረጠ ጊዜ ነው፤ በእርሱም ላይ የወንድሞቹ ሞት፣ የኢሳቤላ እስራት፣ ስማቸው ያልተጻፈው የእግረኞች ደም ተጨመረበት። የአባት ዕዳ ለልጅ እንደሚባለው፣ ከአባት የሚወረስ ክብርም ዕዳ ያለበት ነው። ዕዳውን የማይከፍል ወራሽ ስሙን ይዞ ይቀራል እንጂ ነገሩን አይዘውም።

እኛ ተማሪዎች ከአባቶቻችን ኧርልነት አልወረስንም። የወረስነው ከእኛ በፊት በእነዚህ ወንበሮች ላይ ተቀምጠው የተማሩት ያስጠሩትን የትምህርት ቤታችንን ስም ነው። ዛሬ በዓሉን ስናከብር በስሙ ደስ እንደሚለን ሁሉ፣ ከእኛ ቀጥለው የሚመጡትም ደስ ይላቸው ዘንድ የድርሻችንን ለመክፈል እንነሣ።